የሰው ድምፅ

አቃቂ፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ ሐዲዱን ሣር ከዋጠው ዳር፣
አንዲት አሮጊት አለች፣ ጎመን የምትኮተኩት፣ ብዙም የማትናገር።
የሰፈር ልጆች «ማዘር ሲኒማ» ይሏታል፤
ለምን እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?
እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ከሰው ይልቅ የማዳምጥ የሽቦ ሮሮ፤
ታሪኳን የሰማሁት ካባቴ ነው፣ የፋብሪካው ዘበኛ ነበር ድሮ።

አስካለ ድንቁ። ያኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጥጥ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች፤ ብናኝ ያረፈበት ሽፋሽፍቷ።
መዘውሩ ሲያገሳ በጩኸት ነበር የሚወራው፣
ጎረነነ ድምጿ፣ ሰው ከማዶ ሰው እንደሚጠራው።
አንድ ቀን መነጽራም ሰው፣ ባለሦስት እግር ካሜራ ይዞ፣
ከሰልፉ መሐል አያት፤ ቆመ፣ ጥቂት ተክዞ።
«ይህ ፊት ይናገራል» አለ።
ፊቱን ነው ያለው።
ያኔ ልብ ያለ አልነበረም። እሷም አላለችም።

በአማርኛ የሚናገር ፊልም! ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤
የፈረንጅ አፍ የለመደው ሸራ፣ ዛሬ በእኛ አፍ መጣ።
አስካለ ጣቢያ ላይ ቆማለች፤ ባቡር ያመለጣት ልጅ ናት፤
ነጠላዋን ለነፋስ ሰጥታ፣ ከንፈሯን ስትከፍት፦
«ባቡሩ ሄደ እንዴ፣ አንድ ቃል ሳልናገር?»
ከአፏ የወጣው ድምፅ የሷ አይደለም፤ የሰው ነበር።
ማር የመሰለ፣ ስክት ያለ፣ እንደ ተተኮሰ ሸማ የለሰለሰ፣
የአንዲት የማታውቃት ሴት ድምፅ በሷ ጥርስ መሐል ፈሰሰ።
አዳራሹ አጨበጨበ። እናቷ ከጎኗ ነበሩ፣
አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣
«ልጄ፣ ያምሻል እንዴ?» አሉ።

«ድምፅሽን ያልወደደው ማሽኑ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አሏት፤
ሁለት መቶ ብርና አንድ ባዶ የፊልም ቆርቆሮ ሰጧት።
መንገድ ላይ ያስቆሟት ነበር፤ «እስቲ ያንን በይልን!»
ስትል ይስቃሉ። «አንቺ አይደለሽም፤ አታታልይን!»
ከዚያ ወዲህ ዳቦ ስትገዛ እንኳ በጣቷ ታመለክት ጀመር።

በሁለተኛው ፊልም ገረድ ሆነች፤ ትሪ ይዛ ገባች፣ ወጣች።
«እሺ ጌታዬ።» ሁለት ቃል።
ሁለቱም የራሷ። እነዚያን ማንም አልቀየራቸውም፤ እነዚያን አተረፈች።
ሦስተኛው አልመጣም።
ዘመን ተለወጠ፤ ሰልፉ ሌላ፣ መፈክሩ ሌላ፤
ጥቅሉ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅም ጠፋ ከዚያ በኋላ።
ተመልሳ ፋብሪካ ገባች፤ ክር ቀጠለች ሃያ ሰባት ዓመት፣
ቆርቆሮዋን የጡረታ ደብተርና የጎመን ዘር አኖረችበት።

ባለፈው ክረምት፣ ሐሙስ ማታ፣ በሬን ደበደበች፤
«ቶሎ ና፤ ቴሌቪዥኔ ያሳያል፣ ድምፁ ሞቷል» አለች።
ካቻቢቴ ይዤ ሮጥኩ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል፤
ከአንድ መጋዘን ተገኘ የተባለ የፊልም ቁራጭ ይታያል።
ጀርባውን ፈታሁት፤ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ሽቦውም ደህና፤
ዝም ያለው ፊልሙ ራሱ ነበር፤ ድምፁን ሻጋታ በልቶታልና።

ጣቢያው ታየ። ነጠላዋ። ያ ሽፋሽፍት።
ከንፈሩ ሲከፈት
ከኋላችን፣ ከዱካው ላይ፣ የጎረነነ፣ ብናኝ ያለበት፦
«ባቡሩ ሄደ እንዴ፣ አንድ ቃል ሳልናገር?»
ከከንፈሩ ጋር ገጠመ፤ በመሐሉ ፀጉር አያሳልፍም ነበር።

ማንም አላጨበጨበም።
የጎረቤት ልጅ፣ ገና አራት ዓመቷ፣ ጣቷን ቀሰረች፦
«ማዘር! ያቺ ልጅ ያንቺን ድምፅ ሰረቀች!»

ከዚያ መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ።
እሷ በጨለማው ቀጠለች፤ የራሷን፣ የወታደሩን፣
የጣቢያ ዘበኛውን ሳል፣ የባቡሩን ፊሽካ ሳይቀር፣
እስከ መጨረሻው።

ሻማ ሲበራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።
«ሂሳብህን ንገረኝ።»
«ምንም አልጠገንኩ እኮ፣ ማዘር።»
«እሺ ጌታዬ» አለች፤
ሳቀች።